9600ኬን በአዳማ ሙቀት ኦቨርክሎክ ላድርገው ወይስ ሽጬ ራይዘን ልግዛ?

የሰርግ ካሜራ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰላም ወገን። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ቀረጻውም ኤዲቲንጉም በኔው ነው። አሁን ጾም ስለሆነ ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል። ከፋሲካ በኋላ ግን ቅዳሜና እሁዱ ሁሉ ተይዟል። ከዚያ በፊት ለኮምፒውተሬ አንድ መላ ልፈልግለት ብዬ ነው፤ ወይ ኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ መንዳት)፣ ወይ ወደ ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) መቀየር።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል አይ5-9600ኬ፣ ማዘርቦርዱ ቢ360፣ ራሙ አንድ ፍሬ 16 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 600 ዋት ይላል፣ ስሙን ግን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ከ2 ዓመት በፊት ያገለገለ ሆኖ ከነኬዙ ነው የገዛሁት። ያኔ ሻጩ «መጨረሻው ላይ ኬ አለው፣ እስከ 5 ጊጋኸርዝ ትነዳዋለህ» ብሎኝ ነበር። እሱን አምኜ ነው ጨምሬ የከፈልኩት።

ችግሩ፣ የ10 ደቂቃ ፎርኬ ቪዲዮ ኤክስፖርት ለማድረግ 31 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ከሰዓት ይብሳል፣ ማታ ትንሽ ይሻላል። ትናንት ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ማልቲፕላየሩን (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር) ከ43 ወደ 47 ላወጣው ፈለግኩ፣ ቦታውን ግን አጣሁት። ኦቨርክሎክ አድርጋችሁ የምታውቁ፣ ምን ልግዛ? ዜድ390 ቦርድ ፈልጌ ይሄንኑ ልንዳው ወይስ ሁሉንም ሽጬ ወደ ራይዘን ልሂድ?


ቆላ ልጅ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 4፡02

ወንድሜ ቦታውን ያጣኸው ስለሌለ ነው። ኢንቴል የፕሮሰሰሩን ማልቲፕላየር መቀየር የሚፈቅደው በዜድ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ላይ ብቻ ነው። ቢ360 ላይ ኬ ብትሰካም እንደማንኛውም ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ዝም ብሎሃል። ኬ ፕሮሰሰርና ቢ ቦርድ አጣምሮ መሸጥ እዚህ አገር በጣም የተለመደ ነው፣ ያናድዳል። ፕሮሰሰሩ ስሙን ያስከፍልሃል፣ ቦርዱ ደግሞ አይፈቅድልህም።

ዜድ390 ካገኘህ ግን አይዞህ፣ 9600ኬ ጥሩ ቺፕ ነው። ስድስቱም ኮር አንድ ላይ ሲሠሩ ከፋብሪካ 4.3 ነው የሚሄደው፤ ደህና ኩለር ካለው 4.7 ወይም 4.8 ላይ ብዙዎቹ ይቆማሉ።


ዜሮ22 | መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 1፡30

ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልን። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አውርድ፣ ነጻ ነው። እሱን ክፈትና ያንን የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኤክስፖርት አድርግ። ማታ አይደለም፣ 9 ሰዓት ላይ። ከዚያ ሦስት ቁጥር ጻፍልን፤ የኮሮቹን ሙቀት፣ ፍጥነታቸውን፣ «ተርማል ትሮትሊንግ» (በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነስ) የሚለው መስመር አዎ ይበል አይበል።

ከሰዓት ይብሳል ማታ ይሻላል ያልከው ነው የያዘኝ። ሶፍትዌር ሰዓት አያይም። ሰዓት የሚያየው ሙቀት ነው።


የሰርግ ካሜራ | መጋቢት 10፣ ከቀኑ 10፡20

አደረግኩት። ቤቱ ውስጥ ቴርሞሜትሩ 33 ዲግሪ ይላል። ኤክስፖርት በጀመረ በ2 ደቂቃ ውስጥ ኮሮቹ 100 ገቡ፣ ከዚያም አልወረዱም። ፍጥነቱ 4.3 ላይ ጀምሮ እየወረደ 3.1 ላይ ቆመ። ትሮትሊንግ የሚለው በቀይ «የስ» ብሏል፣ በስድስቱም።

የኬዙን ጎን ከፍቼ ያነሳሁትን ፎቶም አያይዣለሁ። አቧራው ያሳፍራል፣ ይቅርታ። ንፋሱን ታውቁታላችሁ።


የድሮ ቴክኒሻን | መጋቢት 10፣ ከምሽቱ 1፡45

ልጄ ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። አቧራው ይቆይህ። ኩለሩን ተመልከት። ይሄ ከሌላ ካርቶን የወጣ የኢንቴል ትንሹ ኩለር ነው፣ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር የሚሰጠው። 9600ኬ 95 ዋት ነው፣ ከፋብሪካም ኩለር አብሮት አይመጣም፤ ስለዚህ የሸጠልህ ሰው የተረፈውን ለጥፎበታል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አራቱን ነጭ ፒኖች እይ። በስተግራ ከታች ያለው ጥቁር ራሱ ከሌሎቹ ከፍ ብሏል፣ ታየህ? እሱ ፒን አልገባም። በሦስት እግሩ ነው የቆመው። ኩለሩ በአንድ በኩል ፕሮሰሰሩን አይነካውም ወይም ነክቶት አይጫነውም። በመካከሉ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደግሞ በ2 ዓመት ውስጥ ደርቆ ኖራ ሆኗል።

4.7 ይቅርና የከፈልክበትን 4.3 እንኳ እያገኘህ አይደለም። በ3.1 ነው ሰርግ የምትሠራው።


የሰርግ ካሜራ | መጋቢት 10፣ ከምሽቱ 2፡10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በጣቴ ነካ አደረግኩት፣ እውነትም ፒኑ ይወዛወዛል። 2 ዓመት ሙሉ!


ሜላት ከቦኩ | መጋቢት 10፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔም ኤዲት ስለማደርግ ሁለት ነገር ልጨምር።

ራምህ አንድ ፍሬ መሆኑ በራሱ ችግር ነው። ፕሮሰሰሩ ራምን በሁለት መንገድ ማንበብ ይችላል፣ አንተ አንዱን ብቻ ነው የሰጠኸው። ባዮስ ውስጥ ገብተህ የራሙን ፍጥነትም እይ። ካርቶኑ ላይ 3200 ቢልም ኤክስኤምፒ የሚባለው (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስነሳው ማስተካከያ) ካልበራ 2133 ወይም 2400 ላይ ነው የሚነሳው። ቢ360 በአንተ ፕሮሰሰር ከ2666 በላይ አይሄድም፣ ግን 2666ም ከ2133 ይሻላል። ስሌቱን ካየኸው፣ አንድ ፍሬ በ2133 ሲሆን በሴኮንድ 17 ጊጋባይት ገደማ ያልፋል፣ ሁለት ፍሬ በ2666 ደግሞ 42 ገደማ። ያልተነካ ነጻ ኦቨርክሎክ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው፣ ፕሪሚየር (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ውስጥ ኤክስፖርት ስታደርግ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ቦታ ላይ ሶፍትዌር ኢንኮዲንግ ነው ወይስ ሃርድዌር? ሶፍትዌር ከሆነ 1660ህ ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው የሚቃጠለው። ሃርድዌር ላይ አድርገህ ቢትሬቱን (ለአንድ ሴኮንድ ቪዲዮ የሚውለውን ዳታ) ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ምክንያቱም በእኩል ቢትሬት የሶፍትዌሩ ምስል ትንሽ ይበልጣል። በዩኤስቢ ለሙሽሮቹ ለምትሰጠው ግን ልዩነቱን ማንም አያየውም። የቆረጣ ጊዜ የሚንቀራፈፍብህ ከሆነ ደግሞ ፕሮክሲ (ለቆረጣ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሥራ።


ቆላ ልጅ | መጋቢት 10፣ ከምሽቱ 4፡30

ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ኦቨርክሎክ ነው፣ እሱም ይመለስለት። እኔ 9600ኬን በዜድ390 ላይ እዚሁ አዳማ 4.7 ላይ ይዤው ዓመት አልፎኛል፣ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

መጀመሪያ ኤክስኤምፒን አጥፋ፣ ራሙን ለመጨረሻ ተወው። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካካህ ሲከሰከስ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ማልቲፕላየሩን ለሁሉም ኮር 45 አድርግ። የመሠረቱ ሰዓት 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ 45 ማለት 4.5 ጊጋኸርዝ ነው። ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ እንዳትተወው፣ ቦርዱ ለራሱ ደህንነት ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ይለቅበታል፣ ያ ደግሞ ሙቀት ነው። በእጅህ 1.20 ጻፍ። ሎድ ላይን የሚለውን (ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ እንዳይወርድ የሚያደርገውን) መካከለኛ ላይ አድርገው። ከዚያ ሲኔቤንች አር23 በሚባለው የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም የ10 ደቂቃውን ፈተና አስኬድ። ካለፈ 46። ካለፈ 47። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ በተለይ «ዊያ» የሚል ስህተት ካየህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጅ አነሰው ማለት ነው፣ 0.01 ጨምርለት። በአየር ኩለር 1.35 ላይ እኔ እቆማለሁ። ሙቀቱ 85 ካለፈም እቆማለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። አዳማ ውስጥ ኦቨርክሎክ ሌሊት አይፈተንም። እኔ መጀመሪያ 4.8 ላይ አድርጌ ሌሊት 6 ሰዓት ፈተንኩት፣ ሸጋ ነበር። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጥፍት አለ። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደ 10 ዲግሪ ይጨምራል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን ደግሞ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ዙር የሚገፋው አየር ቀላል ነው። ዩቲዩብ ላይ በብርድ አገር የሚሠሩትን አይተህ ቁጥራቸውን አትውሰድ።


ዜሮ22 | መጋቢት 11፣ ከጠዋቱ 2፡05

ቆላ ልጅ የጻፈው ትክክል ነው፣ አንድም ቃል አልጥልም። እኔም የድሮ ፕሮሰሰሬን፣ ኢንቴል 2500ኬን፣ በ2004 ገደማ ከ3.3 ወደ 4.4 አውጥቼ ለዓመታት ነድቼዋለሁ። ያኔ ዋጋ ነበረው፤ አንድ ሦስተኛ ፍጥነት በነጻ ማለት ነው። የአሁኖቹ ግን ፋብሪካው ራሱ ጫፍ ድረስ ነድቷቸው ነው የሚመጡት፤ የሚተርፍልህ ትንሽ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ይጨምራል። ከ4.3 ወደ 4.7 ስትሄድ ፍጥነቱ 9 በመቶ ጨመረ። ለዚያ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ካወጣኸው፣ 1.35ን ለ1.20 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ ስታባዛው 1.27 ገደማ ነው። በ1.09 አባዛው፣ 1.38። ስለዚህ ለ9 በመቶ ፍጥነት 38 በመቶ ኤሌክትሪክና 38 በመቶ ሙቀት ከፈልክ። 95 ዋቱ 131 ሆነ። የ31 ደቂቃ ሥራ 9 በመቶ ሲፈጥን ወደ 28 ተኩል ነው የሚወርደው። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብለህ ያገለገለ ዜድ390፣ ኩለርና ፓወር ሰፕላይ ልትገዛ ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ የዕቃው ዋጋ ምን እንደደረሰ ታውቃለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፈተና አልፎ በሥራ መሃል የሚሳሳት ኦቨርክሎክ አለ። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፣ ቪዲዮው ላይ ግን አንድ አረንጓዴ ፍሬም ጣል ያደርግብሃል፣ ወይም ፋይሉን ያበላሸዋል። ለጌም ምንም አይደል፣ ደግመህ ትገባለህ። ሰርግ ግን ደግሞ አይቀረጽም።


የድሮ ቴክኒሻን | መጋቢት 11፣ ከቀኑ 7፡15

ስለ ፓወር ሰፕላዩ ማንም አልተናገረም፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ነቅለህ የፓወር ሰፕላዩን ጎን ተመልከት፣ ሠንጠረዥ አለው። «+12ቮ» ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር አንብብልኝ። 600 የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ እርሳው፣ እሱ ቀለም ነው።


የሰርግ ካሜራ | መጋቢት 11፣ ከቀኑ 8፡40

ጋሼ 22 አምፔር ይላል። 80 ፕላስ የሚል (የኤሌክትሪክ ቁጠባ ማረጋገጫ) ምልክት የለውም። በእጄ ስይዘውም ቀላል ነው፣ ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል።


የድሮ ቴክኒሻን | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 12፡50

22ን በ12 አባዛው፣ 264 ዋት። ያንተ ፓወር ሰፕላይ ይሄ ነው፣ እሱም ሠንጠረዡ እውነት ከተናገረ። ፕሮሰሰርህና ካርድህ የሚበሉት በአብዛኛው ከዚያ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ 95፣ ካርዱ 125፣ ፋኑ፣ ዲስኩ፣ ቦርዱ ተደምሮ አሁንም ጫፍ ላይ ነህ። 131 ብታደርገው ከጫፉ ወደቅክ።

ቀላልነቱ ደግሞ ትርጉም አለው። ደህናው ሰፕላይ የሚከብደው በውስጡ ያለው ሂትሲንክ፣ ትራንስፎርመርና መጠምጠሚያ ስለሚበዛ ነው። ርካሹ እነሱን ነው የሚቀንሰው፣ የመከላከያ ክፍሎቹንም ጨምሮ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለችውን አፍታ ታውቃታለህ፣ አምፖሉ አንዴ ደመቅ ይላል። ያቺ አፍታ ናት ቦርድ የምትበላው። እኔ ጋ ከሚመጡት የሞቱ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ አብረዋቸው የሚመጡት እንዲህ ያሉ ሰፕላዮች ናቸው።

80 ፕላስ ብሮንዝ የሆነ፣ ስሙ የታወቀ 500 ወይም 550 ዋት ይበቃሃል። ከዚያ በላይ አትክፈል። ዩፒኤስ ካለህ ደግሞ በቪኤ የተጻፈውን በዋት አታንብበው፣ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ባዮስ ውስጥም «ኤሲ ፓወር ሎስ» የሚለውን «ኦፍ» አድርግ። መብራት እንደመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሳ ነው። መብራቱ ይርጋ፣ ከዚያ አንተ ታነሳዋለህ።


ሜላት ከቦኩ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ የ12 ቮልቱን ስሌት አላውቀውም ነበር፣ አሁን የኔንም አየሁት። 41 አምፔር ይላል፣ እፎይ።

ወደ ራይዘን ልሂድ ላለው፣ ወደፊት ከሆነ እኔም እደግፋለሁ። ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር ቢሆንም 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው፣ የአንተ ስድስት ብቻ ነው። ለቪዲዮ ያ በኦቨርክሎክ ከምትጨምረው 400 ሜጋኸርዝ በጣም ይበልጣል። 65 ዋት ነው። ማልቲፕላየሩ ክፍት ነው፣ ቢ450ም ቢ550ም ይፈቅዱልሃል፤ ኤ320 ብቻ እንዳትገዛ። ያለህ ራም ዲዲአር4 ስለሆነ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ እዚያ 3200ውን በሙሉ ያገኛል። እኔ ደግሞ 5600ን ኦቨርክሎክ አላደርገውም፣ በተቃራኒው ነው የምሠራው። «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» በሚለው ቮልቴጁን ዝቅ አደርግለታለሁ። ሲቀዘቅዝ በራሱ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ለእኛ ከተማ የሚሆነው እሱ ነው።


ቆላ ልጅ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 3፡10

ስለ 5600 እስማማለሁ። 9600ኬ ለኔ ስለተመቸኝ ነው እንጂ ዛሬ ብጀምር እኔም ያንን ነው የምገዛው። ዜድ390 እኮ አሁን አዲስ አይገኝም፣ ያገለገለ ቦርድ ደግሞ ማን እንዴት እንደነዳው አታውቅም።

ኩለር ስትገዛ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን፣ አራት የመዳብ ቧንቧ ያለው ቁመተ ረጅሙን ውሰድ። ራይዘን ላይም የሚገጥም ማያያዣ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አረጋግጥ፣ ነገ አብሮህ ይሄዳል። የኬዝህን ቁመት ለካ፣ ጎኑ አልዘጋ የሚልባቸው አሉ። አቧራውን ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር እንዳታስነፋው። ከታንከሩ ውኃ ይወጣል፣ ፋኑንም ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል። በብሎወር፣ ፋኑን በጣትህ ይዘህ፣ በረንዳ ላይ።


የሰርግ ካሜራ | መጋቢት 19፣ ከምሽቱ 2፡20

ተመለስኩ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ በየቀኑ በ9 ሰዓት ስለካ ነበር።

መጀመሪያ ምንም ሳልገዛ አቧራውን አጸዳሁ፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ያችን ፒን ቀጭ እስክትል ተጫንኳት። 31ዱ 26 ሆነ። ሙቀቱ ግን አሁንም 97 ነበር፣ ፋኑም ይጮኻል። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን በ550 ዋት ብሮንዝ ቀየርኩት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ነው ያመጣልኝ። በእርግጥም ከባድ ነው። በፍጥነቱ ላይ ለውጥ የለውም፣ እኔ ግን ተኛሁ። ረጅሙ ኩለር የገባው ሐሙስ ነው፤ ቦርዱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነበረብኝ ምክንያቱም ከጀርባ የሚገባ ሳህን አለው። አሁን በ34 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ኮሮቹ 74 ናቸው፣ 4.3 ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። 22 ደቂቃ።

ከዚያ ሜላት ያልሽኝን አየሁ። ሶፍትዌር ላይ ነበር! ሃርድዌር ላይ አደረግኩትና 9 ደቂቃ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ አላመንኩም ነበር። ኤክስኤምፒንም አበራሁ፣ 2666 ይላል።

ዜድ390ን ትቼዋለሁ። የሱን ገንዘብ ለሁለተኛ ራም ላድርገው። ግን አንድ ጥያቄ፣ ያው የኔው ዓይነት ብራንድ ባላገኝ ሌላ 16 ጊጋ ብገዛ ይሠራል?


ሜላት ከቦኩ | መጋቢት 19፣ ከምሽቱ 2፡45

ደስ ሲል! ብዙ ጊዜ ይሠራል። 2666 ብዙም የሚያስጨንቅ ፍጥነት አይደለም። ሲገጠም ግን ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካቸው፣ ጎን ለጎን አይደለም። ቦርድህ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለው በሁለቱም። ከዚያ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም በፍላሽ አድርገህ ሌሊቱን አሳድረው። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካየህ ለሻጩ መልስ። ከመግዛትህ በፊት እንደሚመልስልህ ተስማማ።


የድሮ ቴክኒሻን | መጋቢት 19፣ ከምሽቱ 3፡05

አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ለማንም እንዳትሸጠው። ፋኑን አውጣና ሌላውን ጣለው። ያቺን ፋን ከኬዙ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ እንድትነፍስ እሰራት፣ ከፊቷም ስስ የወንፊት ጨርቅ አድርግ። ጨርቁን በየሁለት ሳምንቱ እጠበው፤ ንፋሱ በበረታበት ሰሞን በየሳምንቱ።